ሊነስ ፖሊንግና ደካማዋ ማሰሪያ

የኬሚስትሪ ደብተራችንን ብንገልጥ ስለ ሃይድሮጅን ቦንድ የተጻፈው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። አንድ ትርጓሜ፣ አንድ ሥዕል፣ ሦስት ምሳሌ፤ አለቀ። ለፈተና እናጠናዋለን፣ ፈተናው ሲያልፍ ደሞ አብሮ ያልፋል። ይሁንና ይህች ደካማ ማሰሪያ ባትኖር ኖሮ በምድራችን ላይ ያለው ውሃ በሙሉ ጋዝ ሆኖ በቀረ፣ ሥጋችንን የሠራው ፕሮቲንም ቅርጹን ባጣ ነበር። ከዚህች ማሰሪያ ጋር ስሙ ሁልጊዜ አብሮ የሚነሣ አንድ ሰው አለ፤ እሱም አሜሪካዊው ሊነስ ፖሊንግ ነው። መጀመሪያ ያገኛት እሱ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልንናገር እንወዳለን። የእሱ ድርሻ ሌሎች በሩቁ ያዩትን ነገር በቁጥር ለክቶ፣ ማሰሪያዋ ከበረዶ እስከ ፕሮቲን ድረስ የምትሠራውን ሥራ ማሳየቱ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለእኛ ለዕጩ መምህራን ቀረብ የሚል ሆኖ ስላገኘነው በዚህ ገጽ እናቀርበዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንድትሉልን እናሳስባለን።

ሊነስ የተወለደው ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1901 በኦሬጎን ግዛት፣ በፖርትላንድ ከተማ ነው። አባቱ ሄርማን መድኃኒት ቀማሚ ሲሆን ኑሮ ለማሸነፍ ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከገጠር ወደ ከተማ ሲል የኖረ ሰው ነበር። ልጁ መጽሐፍ እንደ እህል የሚበላ መሆኑን ባየ ጊዜ ምን ላስነብበው ብሎ ለአንድ የአካባቢው ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፎ ምክር እስከ መጠየቅ ደርሷል። ነገር ግን በዚያው በ1910 ዓመት የጨጓራ ቁስል ፈንድቶበት በድንገት ሞተ። ሊነስ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እናቱ ቤል ሦስት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ያለችውን ገንዘብ አውጥታ አከራይ ቤት ከፈተችና ተከራዮች እያበላች መኖር ጀመረች። እሷም በሽተኛ ሆነች። ልጁ ከትምህርት መልስ ያገኘውን ሥራ ሁሉ እየሠራ ቤቱን ይረዳ ነበር።

ኬሚስትሪ የያዘችው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ገደማ ነው። ሎይድ ጄፍረስ የሚባል የትምህርት ቤት ጓደኛው ወደ ቤቱ ወስዶ አንድ ሙከራ አሳየው። ስኳርና ፖታሲየም ክሎሬት ቀላቅሎ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ጠብ ሲያደርግበት ነገሩ ቦግ ብሎ ተቃጠለ፣ ነጩ ስኳር ጥቁር ከሰል ሆኖ ቀረ። (ይህን ያለ መምህር የሚሞክር እንዳይኖር አደራ እንላለን፤ የሚቀልዱበት ሙከራ አይደለም።) ሊነስ ከዚያች ቀን በኋላ ኬሚስት እሆናለሁ አለ፣ ሆነም። በቤታቸው ምድር ቤት አንድ ጥግ ለይቶ ቤተ ሙከራ አበጀ። ዕቃውንና ኬሚካሉን ከየት አመጣ ቢሉ፣ አያቱ ዘበኛ ሆኖ በሚሠራበት ሠፈር አጠገብ ሥራ ያቆመ የብረታ ብረት ማቅለጫ ነበርና ከዚያ እየለቀመ ነው። ዛሬ ቢሆን ማን ይፈቅድለታል?

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1917 ሲጨርስ አንድ አስቂኝ ነገር ገጠመው። ለዲፕሎማው የሚያስፈልጉትን የአሜሪካ ታሪክ ሁለት ክፍሎች በአንድ ጊዜ ልውሰድ ቢል ደንቡ አይፈቅድም ተባለ። እሱም ዲፕሎማውን ትቶ ኮርቫሊስ በሚገኘው የኦሬጎን እርሻ ኮሌጅ ገባ። ትምህርት ቤቱ ያንን ዲፕሎማ የሰጠው በ1962፣ ማለትም ከ45 ዓመት በኋላ ነው።

አሁን ለእኛ ወደሚቀርበው ክፍል እንምጣ። ኮሌጅ ሁለት ዓመት ከተማረ በኋላ በ1919 ክረምት የመንገድ አስፋልት ሥራ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ያገኘውን ገንዘብ ለእናቱ ሰጠ። መስከረም ሲደርስ ግን የቤቱ ችግር ገና ስላልተቃለለ ወደ ትምህርቱ መመለስ አልቻለም። በዚህ ጊዜ ኮሌጁ አንድ ያልተጠበቀ ጥሪ አደረገለት፤ መምህር ስለጠፋ መጥተህ አስተምርልን አለው። የሚያስተምረው የመጠን ትንተና ኬሚስትሪ ሲሆን፣ እሱ ራሱ ያንን ትምህርት የጨረሰው ባለፈው ዓመት ነበር። ዕድሜው 18 ነው። ከፊቱ የተቀመጡት ተማሪዎች አንዳንዶቹ በዕድሜ ይበልጡታል። የልጅ ፕሮፌሰር የሚል ቅጽል አወጡለት። መጀመሪያ ክፍል ውስጥ ስንቆም ምን እንደምንሆን የምናውቅ ሁሉ የልጁን ሁኔታ መገመት አያቅተንም።

ያ ዓመት ለእሱ ትልቅ ዓመት ሆነ። ጠረጴዛው በኬሚስትሪ ክፍሉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለነበር ሥራ ባልነበረው ሰዓት መጽሔቶቹን ያገላብጥ ጀመር። በዚያም አቶሞች ኤሌክትሮን ተጋርተው እንዴት እንደሚተሳሰሩ ጊልበርት ሉዊስና ኧርቪንግ ላንግሚውር የጻፏቸውን ጽሑፎች አገኘ። ከዚያ ቀደም ማሰሪያ ማለት ለእሱ በመጽሐፍ ላይ እንደ ሜንጦ የተሳለ መስመር ነበር። እኛ የምንለው፣ ማስተማሩ ባይመጣበት ኖሮ ያንን መደርደሪያ በዚያ ዕድሜው ላያገኘው ይችል ነበር ነው።

ወደ ትምህርቱ ተመልሶ በመጨረሻው ዓመቱ፣ በ1922፣ እንደገና ማስተማር ተሰጠው። በዚህ ጊዜ የተሰጠው የቤት አያያዝ ለሚማሩ ሴቶች ኬሚስትሪ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ስም መዝገቡን አይቶ፣ አጠራሩ የማያስቸግረውን ስም መረጠና ስለ አሞኒየም ሃይድሮክሳይድ የምታውቀውን እንድትነግረው ጠየቃት። ተማሪዋ ኤቫ ሄለን ሚለር ትባላለች። ብዙ ታውቅ ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት ተጋቡና 58 ዓመት አብረው ኖሩ።

የአሞኒየም ሃይድሮክሳይዱ ጥያቄ በአጋጣሚ ከርዕሳችን ጋር ይገናኛል። አሞኒያ ውሃ ውስጥ ሲገባ ለምን ደካማ ቤዝ እንደሚሆን የዘመኑ ኬሚስቶች ይጨነቁበት ነበር። በ1912 ሙርና ዊንሚል የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ከዚህ ጋር በተያያዘ ጥናት አንድ ሃይድሮጅን በናይትሮጅንና በኦክሲጅን መካከል ተይዞ ሊቆም እንደሚችል አሰቡ። በ1920 ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሊ፣ ላቲመርና ሮድቡሽ ይህንኑ ሐሳብ አስፍተው ለውሃም ሠሩበት። ሞሪስ ሐጊንስ የተባለ የዚያው ትምህርት ክፍል ተማሪም በዚያው ሰሞን ተመሳሳይ ነገር ማሰቡን ጽፏል። እንግዲህ የሃይድሮጅን ቦንድ አባቶች እነዚህ ናቸው።

ፖሊንግ በ1922 ፓሳዴና ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሄደ፤ በ1925 ዶክተር ተባለ። የክሪስታሎችን ውስጣዊ አደራደር በኤክስሬይ ማንበብ የተማረው በዚያ ነው። በ1926ና በ1927 ሙኒክ፣ ኮፐንሃገንና ዙሪክ ተቀምጦ ገና ትኩስ የነበረውን የኳንተም መካኒክስ ትምህርት ቀሰመ። ሲመለስ በእጁ ሁለት መሣሪያ ነበረው፤ አንደኛው አቶሞች የት እንደቆሙ የሚያሳየው ኤክስሬይ ሲሆን ሁለተኛው ለምን እዚያ እንደቆሙ የሚያስረዳው ኳንተም ነው። በ1931 ስለ ኬሚካዊ ማሰሪያ ባሕርይ መጻፍ ጀመረ፣ በ1932 ደግሞ ዛሬ በየክፍሉ ግድግዳ የምናየውን የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ሚዛን አወጣ። በሚዛኑ ፍሎሪን 4.0፣ ኦክሲጅን 3.5፣ ናይትሮጅን 3.0፣ ሃይድሮጅን 2.1 ይይዛሉ።

ነገሩ የሚገባን ከእነዚህ ቁጥሮች ነው። በውሃ ሞሎኪውል ውስጥ ኦክሲጅን የጋራውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ ይስባል። ሌላ አቶም ቢሆን ኤሌክትሮኑ ቢሳብበት ከሥር ሌላ የኤሌክትሮን ልብስ አለው፤ ሃይድሮጅን ግን ያለው አንዱ ብቻ ስለሆነ ራቁቱን ይቀራል ማለት ነው። ራቁቱን የቀረው ሃይድሮጅን ከጎረቤቱ ሞሎኪውል ኦክሲጅን ላይ ያለውን ትርፍ የኤሌክትሮን ጥንድ ይጠጋል። ይህችው ናት ማሰሪያዋ። ኃይሏ በሞል ወደ 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሆን፣ ኦክሲጅንና ሃይድሮጅንን በአንዱ ሞሎኪውል ውስጥ ያሰረው ዋናው ማሰሪያ 110 ገደማ ነው። ከሃያ አንድ እጅ እንኳ አትሞላም። እንዲያው ስትታይ ምንም አይደለችም፤ ብዛቷን ስናስብ ግን ነገሩ ይለወጣል።

የመፍላት ነጥቦችን እንመልከት። በአንድ ዐምድ ከኦክሲጅን በታች ያሉትን ሰልፈር፣ ሴሌኒየምና ቴሉሪየም ወስደን የሃይድሮጅን ውሑዶቻቸውን ብናስተያይ፣ የቴሉሪየሙ ከዜሮ በታች 2፣ የሴሌኒየሙ ከዜሮ በታች 41፣ የሰልፈሩ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ላይ ይፈላሉ። ሞሎኪውሉ እየቀለለ ሲሄድ የመፍላት ነጥቡም እየወረደ ይሄዳል። በዚሁ አካሄድ ውሃ ከዜሮ በታች 80 ገደማ ላይ መፍላት ነበረበት። እሱ ግን 100 ላይ ይፈላል! (100 የምንለው በባሕር ወለል ነው፤ እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ላይ 92 አካባቢ ይፈላል።) ማሰሪያዋ የ180 ዲግሪ ልዩነት አመጣች ማለት ነው። አሞኒያና ሃይድሮጅን ፍሎራይድም በየዐምዳቸው እንዲሁ ከመስመር ይወጣሉ፤ የመጀመሪያው ከዜሮ በታች 33፣ ሁለተኛው ከዜሮ በላይ 19 ተኩል ላይ ይፈላሉ። ሜቴን ግን ናይትሮጅንም ኦክሲጅንም ፍሎሪንም ስለሌለው ከመስመሩ አይወጣም፤ ከዜሮ በታች 161 ላይ ይፈላል።

ከዚህ የሚያስደንቀው የአልኮልና የዳይሜቲል ኢተር ነገር ነው። ሁለቱም ሁለት ካርቦን፣ ስድስት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክሲጅን አላቸው፤ ክብደታቸው እኩል ነው። በአልኮሉ ውስጥ አንዱ ሃይድሮጅን ኦክሲጅኑ ላይ ተቀምጧል፣ በኢተሩ ውስጥ ግን ሁሉም ካርቦን ላይ ናቸው። በዚህች ብቻ አልኮሉ 78 ዲግሪ ላይ፣ ኢተሩ ከዜሮ በታች 25 ላይ ይፈላል። አልኮሉ ደግሞ ከውሃ ያነሰ ማሰሪያ ስላለው ከውሃ ቀድሞ ይተናል፤ አረቄ የሚያወጡ እናቶቻችን የሚጠቀሙበት ይህንኑ ነው፣ ስሙን ባይሉትም። ግሊሰሪን በበኩሉ በአንድ ሞሎኪውል ሦስት እንዲህ ያለ ቦታ ስላለው እንደ ማር ይወፍራል።

አሁን ወደ በረዶ። ሁላችንም የምንስማማው የፖሊንግ ውብ ሥራ በ1935 ስለ በረዶ የጻፈው ነው፤ በቂ ጠመኔ ካለ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በአሥር ደቂቃ ሊሠራ ይችላል። በበረዶ ውስጥ እያንዳንዱ ኦክሲጅን አራት ጎረቤት ኦክሲጅኖች አሉት፣ ከእያንዳንዱ ጎረቤት ጋር ደግሞ በመካከላቸው አንድ ሃይድሮጅን አለ። ሃይድሮጅኑ መሐል ላይ ሳይሆን ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ ይቆማል። ውሃ ውሃ እንዲሆን ደግሞ ለእያንዳንዱ ኦክሲጅን ሁለት ሃይድሮጅን ቅርብ፣ ሁለት ሃይድሮጅን ሩቅ መሆን አለባቸው። ታዲያ የትኞቹ ሁለቱ? ፖሊንግ ያለው፣ ተፈጥሮ አንዱን አደራደር መርጣ አልያዘችም፣ ሁሉም ይፈቀዳሉ ነው። እንግዲህ እንቁጠር። አንድ ኦክሲጅን በዙሪያው ያሉት አራት ሃይድሮጅኖች እያንዳንዳቸው ሁለት ቦታ ስላላቸው 16 አደራደር ይኖራል። ከ16ቱ ሁለት ቅርብ ሁለት ሩቅ የሆኑት 6 ብቻ ናቸው። ለአንድ ሞሎኪውል ሁለት ሃይድሮጅን ስለሚደርሰው 2 ጊዜ 2 ይሆናል 4፤ 4ን በ6 አባዝተን ለ16 ስናካፍል 3 ለ2፣ ማለትም አንድ ተኩል እናገኛለን። ከዚህ ተነሥቶ ሲሰላ በረዶ እስከ መጨረሻው ብርድ ድረስ ቢቀዘቅዝ እንኳ በሞል 0.81 ካሎሪ በዲግሪ የሚሆን መዘበራረቅ፣ ኬሚስቶች ኢንትሮፒ የሚሉት፣ ይተርፈዋል ማለት ነው። በ1936 ጂዮክና ስታውት በርክሊ ላይ በጥንቃቄ ሲለኩ 0.82 አገኙ። ስድስትን ለአሥራ ስድስት በማካፈል እዚህ መድረስ! ከሂሳብ ይልቅ ቅኔ ይመስላል።

ይኸው አደራደር በረዶ ለምን እንደሚንሳፈፍም ይነግረናል። አራት ጎረቤት ብቻ ይዞ በርቀት መቆም ክፍት ቦታ ያበዛል፤ ስለሆነም የበረዶ ክብደት በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 0.917 ግራም ነው። ሲቀልጥ ከማሰሪያዎቹ ጥቂቱ ይበጠሱና ሞሎኪውሎቹ ይቀራረባሉ፤ ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀጠቀው በ4 ዲግሪ ላይ ነው። በቀዝቃዛ አገር ሐይቅ ከላይ ሲቆረፍድ ከሥር ያለው ዓሣ የሚተርፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ከበረዶ ወደ ሕይወት የተሻገረው በ1936 ነው። ከአልፍሬድ ሚርስኪ ጋር ሆኖ ፕሮቲን ሲሞቅ ለምን እንደሚበላሽ አብራራ። የእንቁላል ነጭ በመጥበሻ ላይ ሲነጣ ዋናው ሰንሰለት አልተቆረጠም፤ ሰንሰለቱን አጥፈው የያዙት ደካማ ማሰሪያዎች ናቸው የተፈቱት። በ1939 ባሳተመው የኬሚካዊ ማሰሪያ መጽሐፉ ለሃይድሮጅን ቦንድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶ፣ ወደፊት ለሕይወት ሳይንስ ከሌላው ሁሉ የምትበልጥ ሆና ትገኛለች ሲል ተነበየ።

ትንቢቱን ራሱ ነው የፈጸመው፤ ያውም አልጋ ላይ ተኝቶ። በ1948 ኦክስፎርድ ለማስተማር ሄዶ ሳለ ጉንፋን ያዘው። ሁለት ቀን የመርማሪ ፖሊስ ልብ ወለድ ሲያነብ ከረመና ሰለቸው። ወረቀት አንሥቶ የፕሮቲን ሰንሰለት ሣለበት፤ አንዱን አሚኖ አሲድ ከሌላው የሚያገናኘው ክፍል ጠፍጣፋና የማይጠመዘዝ መሆኑን ከኤክስሬይ ሥራዎች ያውቅ ስለነበር፣ መታጠፍ በሚችልበት ቦታ ብቻ እያጠፈ ጠቀለለው። የአንዱ የናይትሮጅን ሃይድሮጅን ከላዩ ካለው ኦክሲጅን ጋር ፊት ለፊት እስኪገጥም ድረስ ሞከረ፤ ገጠመ። አንድ ዙር ሦስት ተኩልም አራትም ሳይሆን 3.7 አሚኖ አሲድ ይፈጃል፤ ዛሬ 3.6 እንላለን። ሌሎች ሰዎች ሙሉ ቁጥር ሲፈልጉ ነው የቀሩት።

ይሁን እንጂ ቶሎ አላወጣውም። የጥምዙ አንድ ዙር ርዝመት 5.4 አንግስትሮም ሲሆን፣ ከጠጉር የተነሡት የኤክስሬይ ሥዕሎች 5.1 ይላሉ። ያቺ የ0.3 ልዩነት አላስተኛችውምና ከሁለት ዓመት በላይ ዝም አለ። በካምብሪጅ ብራግ፣ ኬንድሩና ፔሩትዝ በ1950 የራሳቸውን ግምት ሲያወጡ ግን የእነሱ ሰንሰለት የማይጠመዘዘውን ቦታ እንደጠመዘዘው አየና ልቡ መለስ አለ። በ1951 ከሮበርት ኮሪና ከሄርማን ብራንሰን ጋር አልፋ ሄሊክስ የተባለውን ቅርጽ አሳተመ። ብራንሰን በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ የፊዚክስ ምሁር ነው፤ ስሙ ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል እኛ አንዘለውም። ፔሩትዝ ጽሑፉን እንዳነበበ ወደ ቤተ ሙከራው ሄዶ የፈረስ ጠጉር በኤክስሬይ አነሣ። ማንም ያላያት፣ በ1.5 አንግስትሮም ላይ የምትገኝ ነጥብ፣ ፖሊንግ ትክክል ከሆነ መታየት ያለባት፣ እዚያው ተገኘች።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የሚያሳዝነው ክፍል ነው። ፖሊንግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአቶም ቦምብን በመቃወም በየአደባባዩ ይናገር ስለነበር በሚካርቲ ዘመን በአገሩ መንግሥት ተጠረጠረ። በ1952 የጸደይ ወራት ለንደን ላይ ስለ ፕሮቲን በሚደረግ ስብሰባ እንዲገኝ ተጠርቶ ሳለ ፓስፖርት ተከለከለ። ስብሰባው ያለ እሱ ተካሄደ። በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በዚያን ጊዜ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የዲኤንኤን ምርጥ የኤክስሬይ ሥዕሎች አንሥታ ነበር። ፓስፖርቱ ባይከለከል ሥዕሎቹን አይቶ ዲኤንኤን ይፈታው ነበር የሚሉ አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። በዚያው ዓመት ክረምት ፓስፖርቱ ተሰጥቶት ወደ ፈረንሳይ ሲሄድ እንግሊዝ አገርም ደርሶ ነበር፤ ሥዕሎቹን ለማየት ግን አልሄደም። በዲሴምበር መጨረሻ ከኮሪ ጋር ሆኖ ሦስት ሰንሰለት ያለው የዲኤንኤ ሞዴል ለኅትመት ላከ። ፎስፌቶቹን መሐል ላይ አድርጎ፣ ሃይድሮጅን እንደያዙ ቆጥሮ፣ በሃይድሮጅን ቦንድ አስተሳሰራቸው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዲኤንኤ አሲድ ነው! በውሃ ውስጥ ፎስፌቶቹ ያንን ሃይድሮጅን ይለቁታል፤ ሃይድሮጅን ከሌለ ደግሞ ማሰሪያው ከየት ይመጣል? አሉታዊ ቻርጆቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ እንጂ። ይህ በአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ የሚታወቅ ነገር ነው፤ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ መማሪያ መጽሐፍ ደራሲው ደግሞ ራሱ ፖሊንግ ነበር። ለአልፋ ሄሊክስ ሁለት ዓመት የታገሠ ሰው ለዲኤንኤ ሁለት ወር አልታገሠም።

ካምብሪጅ ይማር የነበረው ልጁ ፒተር ጽሑፉን ለዋትሰንና ለክሪክ አሳያቸው። ስሕተቱን ወዲያው አዩና ሥራቸውን አፋጠኑ፤ በኤፕሪል 1953 ባለ ሁለት ሰንሰለቱን ሞዴል አወጡ። እነሱም ያሸነፉት በሃይድሮጅን ቦንድ ነው፤ አዴኒን ከታይሚን፣ ጉዋኒን ከሳይቶሲን በዚህች ማሰሪያ ሲጣመሩ። የመሠረቶቹን ትክክለኛ ቅርጽ የጠቆማቸው ጄሪ ዶናሂው ደግሞ ከፖሊንግ ቤት የወጣ ሰው ነበር። ፖሊንግ በዚያው ወር ካምብሪጅ ሄዶ ሞዴሉን አየና ተቀበለ። በ1956ም ከኮሪ ጋር ሆኖ፣ ዋትሰንና ክሪክ በጉዋኒንና በሳይቶሲን መካከል የሣሉት ሁለት ማሰሪያ ቢሆንም በእርግጥ ሦስት መሆኑን አሳየ። ዛሬ በየመጽሐፉ የምንሥለው ሦስተኛው መስመር የተሸናፊው ነው።

በ1954 የኬሚስትሪ ኖቤል ሲሸለም ፓስፖርት እንደገና አከራክሮ በመጨረሻ ተሰጠው። እሱ ግን ፊቱን ይበልጥ ወደ ቦምቡ አዞረ፤ ለዚህ የገፋፋችው ኤቫ ሄለን እንደሆነች ደጋግሞ ተናግሯል። በአየር ላይ የሚፈነዳ ቦምብ የሚበትነው ስትሮንቲየም 90 ከልጆች አጥንት እንደሚገባ እያስረዳ፣ ሙከራው እንዲቆም የሚጠይቅ ጽሑፍ አዘጋጅቶ የብዙ አገር ሳይንቲስቶችን አስፈረመ። በጃንዋሪ 1958 ከ9,000 በላይ ፊርማ ይዞ ለተባበሩት መንግሥታት አቀረበ፤ ቁጥሩ በኋላ ከ11,000 አለፈ። በ1960 የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ጠርቶ ፊርማውን ማን ማን እንደሰበሰበለት እንዲናገር አዘዘው። የፈረሙት ስማቸው በይፋ ይታያል፤ የሰበሰቡትን ግን፣ አብዛኞቹ ወጣቶች ስለነበሩ፣ ለእንጀራቸው ሠግቶ አልናገርም አለ። እንቢታው ወኅኒ ሊያስገባው ይችል ነበር። አልናገርም እንዳለ ቀረ፣ እነሱም አላሰሩትም።

በኤፕሪል 1962 አንድ ቀን ሙከራውን በመቃወም በኋይት ሐውስ በር ላይ ሰሌዳ ይዞ ሲመላለስ ዋለ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። በዚያው ምሽት ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለኖቤል ተሸላሚዎች ባደረገው ግብዣ ላይ ልብሱን ቀይሮ በዚያው በር ገባ። በአየር፣ በጠፈርና በውሃ ውስጥ የሚደረገውን ሙከራ የሚከለክለው ውል በኦገስት 1963 ተፈረመ። ውሉ ሥራ ላይ በዋለበት ዕለት፣ በኦክቶበር 10፣ የ1962 የሰላም ኖቤል ለሊነስ ፖሊንግ መሰጠቱ ተነገረ። ሁለት የኖቤል ሽልማት ከማንም ጋር ሳይካፈል ብቻውን የወሰደ ሰው እሱ ብቻ ነው። አገሩ ላይ ግን ደስታው የተደባለቀ ነበር። አርባ ዓመት ገደማ የኖረበትን ኢንስቲትዩትም በዚያው ጊዜ ለቀቀ።

ስለ መጨረሻዎቹ ዓመታት ብዙ አንልም። በ1970 ቫይታሚን ሲን በብዛት መውሰድ ጉንፋንን ይከላከላል የሚል መጽሐፍ አወጣ፣ በኋላም ለካንሰር ይበጃል አለ። ሜዮ ክሊኒክ በ1979ና በ1985 ያወጣቸው ጥናቶች በካንሰር ሕሙማን ላይ ጥቅም አላገኙም። እሱ አልተቀበለም፤ እስከ መጨረሻው ተከራከረ። ኤቫ ሄለን በ1981 በጨጓራ ካንሰር ሞተች። እሱም ኦገስት 19 ቀን 1994፣ በ93 ዓመቱ፣ በካሊፎርኒያ ቢግ ሰር በሚገኘው የእርሻ ቤቱ ዐረፈ።

የማሰሪያዋ ክርክር ግን አላበቃም። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት በ2011 ለሃይድሮጅን ቦንድ አዲስ ትርጓሜ አውጥቷል፤ በዚህም ከኤሌክትሪክ መሳሳብ ሌላ የኤሌክትሮን መጋራትም ድርሻ እንዳለበት ተቀብሏል፣ በካርቦን ላይ ያለ ሃይድሮጅን እንኳ በአንዳንድ ሁኔታ ሊያስር እንደሚችል አክሏል። በሚቀጥለው ሳምንት በቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ የበረዶውን ቁጥር በሰሌዳ ላይ አብረን እንሠራለን፤ የሚፈልግ ወረቀትና መቀስ ይዞ ቢመጣ አልፋ ሄሊክሱንም እንጠቀልላለን።